ሜንጎ፤ የወፍጮ ኮረብታ



ባለፈው እትማችን በመጨረሻው ገጽ ላይ አንድ ወጣት ወንድማችን ያቀረበውን ጥያቄ ታስታውሱታላችሁ። «የመምህርነት ማስረጃዬን በላስቲክ ጠቅልዬ እዚህ ናኪቫሌ ከተቀመጥሁ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ቀን ከምቆጥር ካምፓላ ብሄድ ተስፋ አገኛለሁ? ወይስ ከዚህ የባሰ ፈተና ነው የሚጠብቀኝ?» ይላል። አዘጋጆቹም «አንተ በሜንጎ የምትሠራ መምህር ስለ ሆንህ መልስ ስጥበት» ብለው ጥያቄውን ወደ እኔ ላኩት።

ቁርጥ ያለ መልስ መስጠት ያስፈራል። «ና» ብዬ ብጽፍና መጥቶ ቢቸገር ዕዳው የእኔ ነው። «አትምጣ» ብዬ ብጽፍና ዕውቀቱ በእጁ ዝጎ ቢቀር ያም የእኔ ዕዳ ነው። ስለዚህ ከምክሩ በፊት ታሪክ ማስቀደም መረጥሁ። ታሪክ መምረጤም እንዲሁ አይደለም። ሥራ ፍለጋ በመጀመሪያ በገባሁበት የሜንጎ ትምህርት ቤት ዋና መምህርቷ ማስረጃዬን አገላብጠው ካዩ በኋላ፥ «በአገርህ ያስተማርኸው ታሪክ ነው። የእኛን ታሪክ ታውቃለህ?» ብለው ጠየቁኝ። አላውቅም አልሁ። «እንግዲያውስ የቆምህበትን ኮረብታ ሳታውቅ ምን ታስተምራለህ?» አሉኝ። ያን ቀን አፈርሁ። ከዚያ ወዲህ ያነበብሁትንና ያየሁትን ነው ለእናንተ የማካፍለው። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ የአገሩ መጻሕፍት እንደሚቆጥሩት በፈረንጆች አቆጣጠር አስቀምጫለሁ።

ሀ. ኮረብታውና ስሙ

ካምፓላ እንደ ጎንደርና እንደ አዲስ አበባ በኮረብታ ላይ የተሠራች ከተማ ናት። እያንዳንዱ ኮረብታ የራሱ ጌታ አለው። በናሚሬምቤ የአንግሊካን፥ በሩባጋ የካቶሊክ ካቴድራል ቆሟል፤ በአሮጌው ካምፓላ ኮረብታ ደግሞ እንግሊዛዊው ሻምበል ሉጋርድ በ1890 ምሽጉን የሠራበት ቦታ ይገኛል። ሜንጎ ግን የቤተ መንግሥት ኮረብታ ነው። የቡጋንዳ ንጉሥ «ካባካ» ይባላል፤ ግቢው «ሉቢሪ»፥ ምክር ቤቱ «ሉኪኮ»፥ ምክር ቤቱ የሚሰበሰብበትም በ1950ዎቹ የተሠራው ነጭ ሕንፃ «ቡላንጌ» ይባላል።

ከቡላንጌ እስከ ሉቢሪ በር ድረስ አንድ ቀጥ ያለ ጎዳና ተዘርግቷል። በመካከሉ አደባባይ አለ፤ አደባባዩን ሰንጥቆ የሚያልፍ በርም አለ። ይህ በር የሚከፈተው ካባካው ሲያልፍ ብቻ ነው። ንጉሥ በመንገዱ ጠመዝማዛ አያውቅም፤ ሌላው ሰው ሁሉ፥ ባለ መርሴዲሱም ባለ ብስክሌቱም፥ ዙሪያውን ዞሮ ያልፋል። እኔም ጠዋትና ማታ እዞራለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ይህን ባየሁ ቁጥር «ስደተኛ መቼም መንገዱ ዙሪያ ነው» እያልሁ በልቤ እተክዝ ነበር። ታሪኩን ካነበብሁ በኋላ ግን ትካዜዬ ተለወጠ። ለምን እንደ ተለወጠ ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ።

የስሙ ነገርም አለ። በሉጋንዳ ቋንቋ «ኤሜንጎ» ማለት የወፍጮ ድንጋዮች ማለት ነው። እናቶቻችን መጅ ይዘው ተንበርክከው የሚፈጩበት ያ ድንጋይ ነው። የሚገርመው ግን ዛሬም ከሜንጎ ግርጌ፥ በኪሴኒ ሸለቆ፥ የካምፓላ የበቆሎ ወፍጮ ቤቶች ተደርድረው መገኘታቸው ነው። ከንጋት ጀምሮ ሞተሩ ያጓራል፤ ዱቄቱ በጣሪያው፥ በሰውም ቅንድብ ላይ ያርፋል። በዚያ ዱቄት ውስጥ ጆንያ የሚሸከሙት፥ የሚሰፍሩትና የሚቸረችሩት ሰዎች ደግሞ ብዙዎቹ ከሌላ አገር የመጡ ናቸው። ሶማሌዎች ሰፈር መሥርተውበታል፤ ኮንጎዎች፥ ሩዋንዳዎች፥ የእኛም ሰዎች አሉ። ይህም ዛሬ የመጣ ነገር አይደለም። በ1957 የታተመው የሳውዞልና የጉትካይንድ ጥናት ኪሴኒን ከየነገዱና ከየአገሩ የመጣ ሰው ተጨናንቆ የሚኖርባት መንደር አድርጎ ይገልጻታል። ከእነርሱም በፊት በ1920ዎቹ የሩዋንዳና የቡሩንዲ ሰዎች ከቅኝ ገዥው የግዳጅ ሥራና ከረሀብ ሸሽተው በእግራቸው ወደ ቡጋንዳ እየመጡ በጥጥና በቡና ማሳ ላይ በቀን ሠራተኛነት ይቀጠሩ ነበር። ብዙዎቹ ቋንቋውን ተምረው፥ ከአገሬው ጋር ተጋብተው እዚያው ቀርተዋል።

ለ. ያሳደደም ይሰደዳል

በሜንጎ ቤተ መንግሥቱን የተከለው ካባካ ምዋንጋ ነው። በ1884 አባቱ ሙቴሳ ቀዳማዊ ሲሞት ገና በ16 ዓመቱ ነገሠ። ልጅ ነበር፤ በዙሪያው ግን ታላላቅ ኃይሎች ይጎትቱት ነበር። የዓረብ ነጋዴዎች፥ የእንግሊዝ ፕሮቴስታንቶች፥ የፈረንሳይ ካቶሊኮች ሁሉም ባለሟሎቹን ወደየራሳቸው ሳቡበት። ምዋንጋም ደንግጦ ሰይፍ መዘዘ። በ1886 ክርስቲያን የሆኑ ብላቴኖቹን በናሙጎንጎ በእሳት አቃጠላቸው። ዛሬ በየዓመቱ ሰኔ ሲገባ ከመላው ምሥራቅ አፍሪካ በእግሩ የሚተመው ምእመን የእነዚህን ሰማዕታት መታሰቢያ ለማክበር ነው።

ነገር ግን ያሳደደው ንጉሥ እርሱ ራሱ ተሰደደ፤ ያውም ደጋግሞ። በ1888 ተገልብጦ ከቪክቶሪያ ሐይቅ ደቡብ ተንከራተተ። ተመልሶ ዙፋኑን ቢይዝም ጥር 1892 በሜንጎ ላይ ፕሮቴስታንቱና ካቶሊኩ ወገን ተዋጉ፤ ሉጋርድ ከኮረብታው በማክሲም መትረየስ ፕሮቴስታንቶቹን ደገፈ፤ ምዋንጋም እንደ ገና ሸሸ። በ1897 በእንግሊዞች ላይ አምፆ ወደ ጀርመን ግዛት ተሻገረ። በመጨረሻ በ1899 ተማርኮ በህንድ ውቅያኖስ ወዳለው ወደ ሲሼልስ ደሴት ተጋዘ፤ በ1903 እዚያው ሞተ። አፅሙ ወደ ቡጋንዳ የተመለሰው በ1910 ነው።

እኛ ይህን ስናነብ ልዑል ዓለማየሁ ትዝ ይለናል። በ1868 ከመቅደላ ተወስዶ በ1879 በ18 ዓመቱ በእንግሊዝ አገር የሞተው የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ እስከ ዛሬ በዊንድሶር ተቀብሮ ይገኛል። በ2023 አፅሙ ለአገሩ እንዲበቃ የቀረበውን ጥያቄ የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት አልተቀበለውም። የሜንጎው ንጉሥ አፅም ተመለሰ፤ የእኛው ልዑል አሁንም በሰው አገር ነው። ስደት ሞትን ጭምር ተሻግሮ ይዘልቃልና።

ሐ. ሙያ ይዞ የመጣ እንግዳ

ምዋንጋ ባመፀበት በዚያው በ1897 ዓ.ም. አልበርት ኩክ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ከሞምባሳ ተነሥቶ በእግሩ ሜንጎ ደረሰ። የባቡር ሐዲዱ ገና ሐይቁ ዘንድ አልደረሰም ነበር። ከናሚሬምቤ ሥር በሸምበቆና በሣር ክዳን ሆስፒታል ከፈተ፤ ይህም ዛሬ የሜንጎ ሆስፒታል የሚባለው ነው። በ1901 እርሱና ወንድሙ ጃክ ኩክ አንድ ያልታወቀ በሽታ አዩ። ሕመምተኞቹ እየደከሙ፥ እያንቀላፉ፥ በመጨረሻም ሳይነቁ ይቀሩ ነበር። የእንቅልፍ በሽታ ነበረ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ በሐይቁ ዳርቻና በደሴቶቹ ላይ ከ200,000 በላይ ሕዝብ ጨረሰ። የሚያስተላልፈው የቆላ ዝንብ መሆኑ የታወቀው በ1903 ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላም የሐኪሙ ሚስት ካትሪን ኩክ በዚያው በሜንጎ ለአገሬው ሴቶች የአዋላጅነት ትምህርት ቤት አቋቋሙ። ኩክ በ1951 የሞተው በዚያው በካምፓላ ነው። በሜንጎ ከዚያ በፊት፥ በ1895፥ ትምህርት ቤትም ተከፍቶ ነበር፤ ዛሬም ድረስ አለ።

አንባቢ ሆይ፤ ከኩክ ጋር ራሳችንን ለማመሳሰል አንቸኩል። ከኩክ በስተ ጀርባ የሉጋርድ መትረየስና የእንግሊዝ ባንዲራ ነበር። ከእኛ ጀርባ ያለው የተዘጋ የትምህርት ቤት በር ነው። ቢሆንም አንድ ነገር እንማርበታለን። ከዚያ ዘመን እንግዶች ውስጥ መትረየሱን ይዞ የመጣው ስሙ በመጽሐፍ ብቻ ቀረ። በእጁ ሙያ ይዞ የመጣው ግን ሥራው ዛሬም ቆሞ ይታያል፤ ለምን ቢሉ ሙያውን ለአገሬው ልጅ አስተምሮት ነበርና። ሙያን ቆልፎ መያዝና ሙያን ማስተማር ለየቅል ናቸው።

የሜንጎ ሰዎችም ቢሆኑ ተቀባይ ብቻ አልነበሩም። «ካቲኪሮ» ማለትም ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረው አፖሎ ካግዋ የቡጋንዳን ነገሥታት ታሪክ በራሱ ቋንቋ ጽፎ አሳተመ። በ1902 የንጉሥ ኤድዋርድ 7ኛ ዘውድ ሲጫን ካግዋ ከጸሐፊው ከሐም ሙካሳ ጋር ወደ ለንደን ተጠርቶ ሄዷል። ለዚያው በዓል ከእኛ አገር ራስ መኰንን ሄደው ነበር። የሁለቱ አገሮች ታላላቆች በአንድ ክረምት በአንድ የባዕድ ከተማ ነበሩ፤ የሁለቱ አገሮች ልጆች ደግሞ ዛሬ በአንድ ክፍል ጠመኔ እንጋራለን።

መ. ንጉሡ በስደት

የምዋንጋ የልጅ ልጅ ሙቴሳ 2ኛም ከስደት አላመለጠም። በ1953 ከእንግሊዙ ገዥ ከሰር አንድሩ ኮኸን ጋር ስለ ምሥራቅ አፍሪካ ፌዴሬሽንና ስለ ቡጋንዳ ነፃነት ተጋጭቶ በአውሮፕላን ወደ ለንደን ተጋዘ። ሕዝቡ ሐዘን ተቀመጠ፤ ብዙ ወንዶችም ንጉሣችን እስኪመለስ አንላጭም ብለው ጢማቸውን አሳደጉ። በጥቅምት 1955 ተመለሰ። ዩጋንዳ በ1962 ነፃ ስትወጣም በማግሥቱ ዓመት የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ሆነ።

ሰላሙ ግን አልቆየም። በጠቅላይ ሚኒስትር ሚልተን ኦቦቴና በሜንጎ መካከል ያለው ጠብ ከረረ። ግንቦት 24 ቀን 1966 በኢዲ አሚን የሚመራ ጦር ሉቢሪን ወጋ። ከባድ ዝናብ ጣለ፤ በዝናቡም ተከልሎ ንጉሡ አጥር ዘሎ አመለጠ። ታክሲ አግኝቶ፥ በኮንጎና በቡሩንዲ በኩል ዞሮ ለንደን ገባ። ያ በአደባባዩ መካከል ቀጥ ብሎ የሚያልፈው ንጉሥ ያን ቀን በዙሪያ ዞሮ ነፍሱን አዳነ። ትካዜዬ ተለወጠ ያልኋችሁ ይህን ባነበብሁ ጊዜ ነው። ዙሪያውን መዞር የስደተኛ ብቻ ዕጣ አይደለም። ጊዜ ሲከፋ ንጉሥም ይዞራል።

በ1967 የነገሥታቱ ግዛቶች ሁሉ በሕገ መንግሥት ተሻሩ። ሉቢሪ የጦር ሠፈር ሆነ። በኋላም በአሚን ዘመን የሰው ደም የፈሰሰበት ጨለማ ጉድጓድ በግቢው ተሠራ፤ ዛሬም ለጎብኚ ይታያል። ቡላንጌ ስሙ ተለውጦ የወታደር መሥሪያ ቤት ሆነ። ሙቴሳም በለንደን ጠባብ ቤት ውስጥ በወዳጆቹ ርዳታ ሲኖር በኅዳር 1969 በ45 ዓመቱ ሞተ። አስከሬኑን በ1971 አገሩ ያስገባው፥ ጉዱን ተመልከቱ፥ ቤተ መንግሥቱን የወጋው ያው አሚን ነው።

ይህ ለእኛ ባዕድ ታሪክ አይደለም። ዐፄ ኃይለ ሥላሴም በግንቦት 1936 ከአዲስ አበባ ወጥተው እስከ 1940 በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ በስደት ኖረዋል። ልዩነቱ እርሳቸው በሕይወት ተመለሱ፤ ሙቴሳ ግን በሣጥን ተመለሰ። የቡጋንዳ ዘውድ የተመለሰው በሐምሌ 1993 ነው። በእንግሊዝ አገር ያደገው ልጁ ሮናልድ ሙቴቢ በቡዶ ተቀብቶ ነገሠ። ቡላንጌም ለባለቤቶቹ ተመለሰ። ከ1966 እስከ 1993 ድረስ ስንት ዓመት ነው? 27። በዚያ መካከል ተስፋ የቆረጠ ሰው አይፈረድበትም ነበር።

ሠ. መምህራኑም ተሰድደው ነበር

አሁን ወደ ራሳችን ሙያ ልምጣ። አሚን በጥር 1971 ሥልጣን ያዘ። በ1972 የእስያ ተወላጆች በ90 ቀን ውስጥ አገሩን ለቀው እንዲወጡ አዘዘ። የተማረውን ሰው ማሳደድም ተከተለ። ሐኪሙ፥ ዳኛው፥ የዩኒቨርሲቲው አስተማሪ ጠፋ ወይም ሸሸ። በዚያን ጊዜ እጅግ ብዙ የዩጋንዳ መምህራን ድንበር ተሻግረው በኬንያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲያስተምሩ ኖሩ። በኋላ ፕሬዚዳንት የሆኑት ዮዌሪ ሙሴቬኒም በስደት ዘመናቸው በታንዛኒያ በሞሺ ኅብረት ሥራ ኮሌጅ አስተምረዋል። አሚን በ1979 ከወደቀ በኋላም ስደቱ አላቆመም፤ ከምዕራብ ናይል የሸሸው ሕዝብ ወደ ዛየርና ወደ ደቡብ ሱዳን ጎረፈ። በዚያው በ1980ዎቹ የእኛ ሰዎች በምሥራቅ ሱዳን በገዳሪፍ ዙሪያ በድንኳን ተጠልለው ነበር። አንዲት ሱዳን በአንድ ጊዜ ሁለታችንንም ታስተናግድ ነበር ማለት ነው።

ይህን ያወቅሁት ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። እነዚያ ዋና መምህርት ባሳፈሩኝ ሰሞን «ና ሞክር» ብለው አንድ የአምስተኛ ክፍል ሰጡኝ። ታሪክ ሳይሆን ሒሳብ፤ የጎደለው መምህር የሒሳብ ነበርና። ርእሱ ክፍልፋይ ነው። በማሠልጠኛ ኮሌጃችን «የትምህርት መርጃ መሣሪያ ከአካባቢህ አዘጋጅ» ይሉን ነበር። በአገሬ ክፍልፋይን በድፎ ዳቦ ነበር የማስተምር። እዚህ ከመንገድ ዳር ሁለት ቻፓቲ ገዛሁና አንዱን በአራት፥ ሌላውን በስምንት ቆረጥሁት። እንግሊዝኛዬ ሲሰናከል ልጆቹ ሳቁ። ሩቡና ሁለት ስምንተኛው እኩል መሆናቸውን ግን በዓይናቸው አይተው ተረዱት፤ ከዚያም በሉት።

ከኋላ ወንበር ተቀምጠው የነበሩት ዋና መምህርት ሲወጡ እንዲህ አሉኝ፥ «ሴቦ፥ አባቴ በአሚን ጊዜ ኬንያ አስተምሯል። የኬንያ ልጆችም በአነጋገሩ ይስቁ ነበር። ደመወዙን ግን እየላከ እኛን አሳድጎበታል። ሰኞ ጀምር።» «ሴቦ» በአገሩ «ጌታዬ» እንደ ማለት ነው። ከአገሬ ከወጣሁ ጌታዬ ብሎ የጠራኝ ሰው አልነበረም። እኔም «እሺ ኛቦ» አልሁ፤ «እሜቴ» ማለት ነው። የማውቀው የሉጋንዳ ቃል ያ ብቻ ነበር።

ያን ዕለት የገባኝ ነገር ይህ ነው። እኚህ ሴት አላዘኑልኝም። ምጽዋትም አልሰጡኝም። ፈተኑኝ፤ ካለፍሁም በኋላ አስገቡኝ። በስደት የኖረ ቤተሰብ ስደተኛን ከማዘን ይልቅ እንዴት እንደሚመዝን ያውቃል።

ረ. ፈተናው

ተስፋውን ብቻ ነግሬ ፈተናውን ብሸሽግ እዋሻችኋለሁ።

አስቀድሞ የሕጉን ነገር እንመልከት። እኛን የሚያስጠልለው የአፍሪካ የስደተኞች ውል የተፈረመው መስከረም 10 ቀን 1969 በአዲስ አበባ ነው። ስደተኛ ማለት በእምነቱና በፖለቲካው የተሳደደ ብቻ ሳይሆን በወረራና የሕዝብን ጸጥታ በሚያናጋ ሁከት የሸሸም ጭምር ነው ብሎ ያሰፋው ያ ውል ነው። በከተማችን የተጻፈ ወረቀት በሰው አገር ጥላ ሆነን። ዩጋንዳ ስደተኛን መቀበል የጀመረችው ዛሬ አይደለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በሺህ የሚቆጠሩ ፖላንዳውያን በማሲንዲ አጠገብና በሐይቁ ዳር በኮጃ ሠፍረዋል፤ እናንተ ያላችሁባት ናኪቫሌም ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የሩዋንዳ ስደተኞችን ያስተናገደች ናት። በ2006 የወጣው የስደተኞች ሕግም ስደተኛ በአገሩ እንዲዘዋወርና እንዲሠራ ይፈቅዳል። ዛሬ በዚህች አገር ከ1 ሚሊዮን ተኩል በላይ ስደተኛ አለ፤ በአፍሪካ የዚህን ያህል የያዘ አገር የለም።

ሕጉ ይፈቅዳል፤ ኑሮው ግን ለብቻው ሌላ ዳኛ ነው። በሠፈሩ ያለ ሰው የጎጆ ቦታና የሚቆፍረው መሬት ይሰጠዋል፤ ስፍሩም ይመጣለታል። ስፍሩ ከ2023 ወዲህ በችግር ደረጃ እየተከፋፈለ መቀነሱን ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። ከተማ የገባ ግን ያንኑ ጥቂቱንም አያገኝም፤ «ራሴን እችላለሁ» ብሎ የገባ ተደርጎ ይቆጠራል። አከራይ ብዙ ጊዜ የሦስት ወር ኪራይ በቅድሚያ ይጠይቃል። እኔ ኪሴኒ ውስጥ ከወፍጮ ቤት ጀርባ አንዲት ክፍል ይዤ ለብቻዬ መክፈል ስላቃተኝ ሌላ ሁለት ሰው አስገብቻለሁ።

ሁለተኛው የማስረጃ ጉዳይ ነው። የእኛ ትምህርት ቤት አንደኛ ደረጃው ስምንት ዓመት ነበር፤ የእነርሱ ሰባት ነው፤ ከዚያ አራት፥ ከዚያ ሁለት ዓመት ይከተላል። ስለዚህ የውጭ ማስረጃ ከአገሩ ደረጃ ጋር መመሳከር አለበት፤ መምህርም በትምህርት ሚኒስቴር መመዝገብ ይጠበቅበታል። ይህ ገንዘብና ወራት ይፈጃል። ኮሌጁ ማስረጃውን በደብዳቤ እንዲያረጋግጥ ሲጠየቅ፥ ሸሽተህ ከመጣህበት አገር ደብዳቤ ማስመጣት ምን ያህል እንደሚከብድ አልነግራችሁም።

ሦስተኛው ቋንቋ ነው። እኛ በአማርኛ ለማስተማር የሠለጠንን ነን። እዚህ ከአራተኛ ክፍል በላይ ትምህርቱ ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው፤ ከታች ያሉት ሕፃናት ደግሞ በሉጋንዳ ካልሆነ አይሰሙህም። እኔ ማታ ማታ የሦስተኛ ክፍል ልጅ የሚማርበትን የሉጋንዳ መጽሐፍ ይዤ ከጎረቤት ልጅ ጋር አነባለሁ። ልጁ ሲያርመኝ የመምህርነት ኩራቴ ይቆስላል፤ ግን ይጠቅመኛል።

አራተኛው ደመወዝ ነው። በአንድ ትምህርት ቤት፥ ስሙን አልጠራም፥ ሙሉ የትምህርት ጊዜ አስተምሬ ገንዘቤን ያገኘሁት በሚቀጥለው ጊዜ አጋማሽ ነው። በዕረፍት ወራት የማይከፍሉም ብዙ ናቸው። የአገሬው መምህራንም ቢሆኑ ከዚህ አላመለጡም። ከመጋቢት 2020 ጀምሮ በወረርሽኙ የተዘጉት የዩጋንዳ ትምህርት ቤቶች ሙሉ በሙሉ የተከፈቱት በጥር 2022 ነበር። በዓለም ላይ እንዲህ ያለ ረጅም መዘጋት የለም። ያን ጊዜ የግል ትምህርት ቤት መምህራን ገሚሱ ሞተር ብስክሌት ነዳ፥ ገሚሱ ጡብ ሠራ። አብሮኝ የሚያስተምር አንድ ዩጋንዳዊ ባልደረባዬ ሁለቱን ዓመታት ከዚሁ ከወፍጮ ቤት ጆንያ ሲሸከም ማሳለፉን ሲነግረኝ፥ ችግሬ የእኔ ብቻ አለመሆኑን አወቅሁ።

ሰ. መልሴ

እንግዲህ ወንድሜ፤ ወደ ጥያቄህ ልመለስ።

ከተማው ተስፋ የሚያድል ቦታ ነው ብለህ አትምጣ። ሜንጎ ስሙ ወፍጮ ነው። ወፍጮ እህል አይሰጥም፤ ያመጣኸውን ይፈጭልሃል እንጂ። ባዶ እጅህን ብትሄድ የሚፈጨው አንተን ነው፤ ይህንንም በኪሴኒ ጎዳና በዓይኔ አይቻለሁ። እህል ካለህ ግን ዱቄት ይሆንልሃል። አንተ እህል አለህ፤ ሙያህ ነው። ያንን በላስቲክ ጠቅልሎ ማስቀመጥ ግን ዘር በጎታ እንደ ማንቀዝ ነው።

ስለዚህ የምመክርህ እንዲህ ነው። ነገ ተነሥተህ አትምጣ። አስቀድመህ እዚያው ናኪቫሌ ውስጥ ጠመኔ ያዝ። በዛፍ ጥላ ሥርም ቢሆን የሠፈራችንን ልጆች ሰብስብና አስተምር፤ እጅህ አይርሳው። በቀን አንድ ሰዓት እንግሊዝኛ፥ አንድ ሰዓት የአገሬውን ቋንቋ አጥና። ማስረጃህን ለማመሳሰል መጻጻፍ የሚቻለው ከዚያም ነው፤ ዛሬ ጀምር። የሦስት ወር ኪራይና የአንድ ወር ቀለብ ሳትይዝ አውቶቡስ አትሳፈር። ይህን ስትጨርስ ና። መንገዱ ወደ 300 ኪሎ ሜትር ነው፤ አንድ ቀን አይፈጅም። ክፍሌ ጠባብ ናት፤ ለመጀመሪያው ሳምንት ግን አራተኛ ሰው አይከብደንም።

ስትመጣ ከሁሉ አስቀድሜ ወደዚያ ቀጥ ያለ ጎዳና እወስድሃለሁ። አደባባዩ ላይ ቆመን የተዘጋውን በር እናያለን። ያ በር ንጉሥ አልባ ሆኖ ስንት ዓመት እንደ ኖረ እነግርሃለሁ። ከዚያም እንደ ሰው ሁሉ ዙሪያውን ዞረን ወደ ሥራችን እንሄዳለን።

የቀረውን አንባብያን ታግዙኝ። ይህችን ጽሑፍ በእጃችሁ የምትገለብጡ ልጆች ዓመተ ምሕረቶቹን እንዳትሳሳቱ አደራ፤ ታሪክ በአንድ አኃዝ ይበላሻልና። የምትቃወሙኝም ካላችሁ በሚቀጥለው እትም ጻፉ። ከተማ መጥቶ የተሰበረ ሰው ታሪክም ይጻፍ፤ የእኔ ብቻ መነበቡ ወንድማችንን ሊያሳስተው ይችላል።

ቸር ያገናኘን።